ከስልኬ ያወጣሁት የእንቁጣጣሽ መዝሙር

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ ራሴው ልናገር። ሊፍት እፈራለሁ፣ የመብራት ሶኬት እፈራለሁ፣ ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው እፈራለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከመንገድ ሲደውል ምን ሆኖ ነው ብዬ እፈራለሁ፣ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን እንደ ምስር ለቀማ ነው፤ አንዷን ፊደል አንስቼ፣ አይቼ፣ አስቀምጬ ነው ወደ ሌላዋ የምሄደው። ይህንንም የምጽፈው እንደዚያው ነው።

ወላጆቼ ከደቡብ ምዕራብ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እኔ እዚሁ ኮልፌ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ አሁን ቀራንዮ ታክሲ ከሚቆምበት ፌርማታ አጠገብ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። ሁለት ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። ትልቋ አስኮ ባሏ ቤት ናት፣ ወንዱ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል። ከእንግዲህስ ጨረስኩ ባልኩበት ዕድሜ ደግሞ አንዲት ሴት ልጅ መጣች። ዛሬ የማወራው ስለሷ ነው።

ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ልጄ ድምፅ አልነበራትም። ማለቴ ነበራት፣ ግን ጆሮዋችሁን አፏ ላይ ካልለጠፋችሁ አይሰማም። ውሃ ስትፈልግ ቀሚሴን ትጎትትና በሹክሹክታ ትናገራለች። ሰው ባለበት ደግሞ ሹክሹክታዋም ይቀራል፤ ከቀሚሴ ኋላ ገብታ አለቀ።

የምንኖረው ተከራይተን ነው፣ አንዲት ክፍል፣ አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ። አከራያችን እትዬ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጩኸት ግን አይወዱም። ከእኛ በፊት እዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች የወጡት በልጆቻቸው ጩኸት ነው ብለው ገና በገባን ዕለት ነገሩኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ስታለቅስ አፏን በእጄ እሸፍናለሁ፣ ስትስቅ «ቀስ» እላለሁ፣ ስትሮጥ «ቀስ» እላለሁ። ልጄ «እማ» ከማለቷ በፊት «ቀስ» ማለት ሳታውቅ አልቀረችም። ያኔ ግን ይህን አላስተዋልኩትም። ጨዋ ልጅ ሰጠኝ ብዬ አመሰግን ነበር።

ሰኔ ላይ መምህርቷ አስጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏት፣ እኔም «ቲቸር» ነው የምላት። እንዳስጠራችኝ ስሰማ መንገዱን ሙሉ ልጄ ምን ሰበረች እያልኩ ነው የሄድኩት።

«ልጅዎ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም» አለችኝ። «ሥዕል ትሥላለች፣ ፊደል ትጽፋለች። ግን አንደኛ ክፍል ለማለፍ በቃል መመለስ አለባት። ስሟን እንኳ ስጠይቃት ጫማዋን ነው የምታየው።»

«ታውቃለች እኮ፣ ቲቸር። ስሟን ታውቃለች።»

«ማወቋን እኔም አውቃለሁ። አልሰማሁትም ነው የምልዎት።»

በማግስቱ ታክሲ ይዤ ቤቴል ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሯ ጆሮዋን በመብራት አየች፣ ምላሷን አስወጥታ አየች፣ ጉሮሮዋን ዳበሰች።

«ምንም የላትም» አለችኝ። «ቤት ውስጥ ማነው የሚያወራት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ምን ይሏታል?»

በልቤ ቆጠርኩት። ቀስ በይ። አትንኪ። ውረጂ። ይሰማሉ። ሌላ ላገኝ ብሞክር ከዚህ የተለየ ብዙም አልመጣልኝም። ስመለስ ታክሲው ውስጥ እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። እንዲሁ አየር ጤና ደረስን።

ቲቸር አንድ መላ ነገረችኝ። «ክረምቱን ማጠናከሪያ ያምጧት። መጨረሻ ላይ፣ ጳጉሜን ሲገባ፣ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት አለን። እያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ አንድ የበዓል መዝሙር ተምሮ መጥቶ ሰው ፊት ይዘምራል። እሷም አፏን ከፍታ ከዘመረች ለእኔ በቂ ነው፣ አንደኛ ክፍል እመዘግባታለሁ። ካልሆነ ግን ኬጂ ሦስትን ትደግማለች።»

መድገሙ ብቻ አይደለም ያስፈራኝ። የሷ እኩዮች አልፈው እሷ ከትናንሾቹ ጋር ስትቀመጥ ታየችኝ። ያን ጊዜ ጭራሽ የምትዘጋ መሰለኝ።

ታዲያ አንድ መዝሙር ማስተማር ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ችግሩ እኔ አላውቅም። ልጅ ሆኜ በእንቁጣጣሽ ከሰፈር ልጆች ጋር በየደጁ ዞሬያለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ተቀባይ ነበርኩ። አውጪዋ ሌላ ናት፣ ድምፃም፣ ደፋር። እኔ ከኋላ ቆሜ አጨበጭብና ተቀባይ የምትለውን አንዲት ቃል እል ነበር። አሁን ላስተምራት ቁጭ ብል ያችው አንዲት ቃል ብቻ መጣች። ልጄን አስቀምጬ አንዷን ቃል ሃያ ጊዜ አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና ሄዳ ተኛች።

አስኮ ያለችው ልጄ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ ሰርች አድርጊው» ብላኝ ዘጋች። እሷ ሰርች ስትል ከሱቅ ጨው እንደማምጣት ነው። ስልኩን ባለቤቴ የገዛልኝ ሊያየኝ ብሎ ነው፣ በምስል የምንነጋገርበትን። እኔም እሱ ሲደውል አረንጓዴውን እጫናለሁ፣ ሲጨርስ ቀዩን። ከሁለቱ ሌላ የቀረውን ሁሉ ነክቼው አላውቅም።

ከጎኔ ጎመንና ቲማቲም የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ዘሯ ከጎጃም ነው፣ ምላሷ ከአራዳ። ስልክ ላይ የማትችለው የለም፣ ጠዋት ጠዋት ስብከቷን ከፍታ ነው ጎመኗን የምታስረው። እሷን ለመንኳት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍልሰታ ነው እኮ!» አለችኝ። «በጾም ዘፈን ፈልጊልኝ ትያለሽ?»

«የልጅ መዝሙር ነው።»

«ከበሮ አለው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ገና አላገኘሁት።»

«እንግዲያው አልነካም። እናንተ የጸሎት ቤት ሰዎች ይህ ጾም የላችሁ፣ አንቺው ተጫኚ። እኔ በአፌ እነግርሻለሁ፣ ኃጢአቱ በጣትሽ ይሁን።»

«ጣቴ ቢሳሳትስ?»

«ቢሳሳት ምን ትሆኛለሽ? ስልክ አይነክስ!»

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ ስልክ የነካሁት። እሷ ጎመኗን እያሰረች ታዛለች፣ እኔ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ እጫናለሁ። መጻፍ እንደሚያስቸግረኝ ስታይ ሌላ መንገድ አሳየችኝ።

«ያቺን ማይክ የምትመስለዋን ተጫኝና ተናገሪ።»

«ለማን?»

«ለስልኩ ነዋ!»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እንደምን ዋሉ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእንቁጣጣሽ የልጆች መዝሙር ካለዎት...»

ጓደኛዬ ጎመኑ ላይ ወደቀች። «ለቀበሌ ሊቀመንበር ነው እንዴ የምታመለክቺው! አንተ በይው፣ ዕቃ ነው!»

ስልኩ ግን ሰላምታዬን ተቀብሎ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው አመጣልኝ። ሰውየውም «እንደምን ዋላችሁ» አለና ዜና ጀመረ። ደንግጬ ቀዩን ብፈልግ ቀይ የለም። ዜናውን እስከ መጨረሻው ሰማነው።

በማግስቱ ሰላምታውን ትቼ «የበዓል ዘፈን» ብቻ አልኩ። ይህ ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። ጨርቅ ያለቀባቸው ሴቶች ወገባቸውን እያንቀጠቀጡ መጡ። ልጄ አጠገቤ ናት። ምን ላድርግ፣ ስልኩን ሽንኩርት ጆንያው ውስጥ ወሸቅኩት። ምስሉ ተሸፈነ፣ ድምፁ ግን ጆንያው ውስጥ ሆኖ እንዳበደ ቀጠለ። ያን ጊዜ አንድ ደንበኛዬ አባት ሽንኩርት ሊገዙ ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርቱ ነው የሚዘፍነው?» አሉ።

«አዲስ ዓይነት ነው አባባ» አለች ጓደኛዬ። «ሲከትፉት ያስለቅሳል፣ ሲገዙት ያስጨፍራል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አየሽ፣ ጾሜን ገደልሽው!»

ሁለተኛ አልነካም ብዬ ነበር። ማታ ልጄ ደብተሯ ላይ ክፍሏን ሥላ አየኋት። ልጆቹን ሁሉ አፋቸው ክፍት አድርጋ ሥላቸዋለች። ዳር ላይ ያለችዋ ግን አፍ የላትም። ዓይን አላት፣ አፍንጫ አላት፣ ጥብጣብ አላት። አፍ የለም። በነጋታው ስልኩን ራሴው አወጣሁት።

ሳምንቱን ሙሉ ዓመት በዓሎቹን ሁሉ አዳረስን። ገናን ስል የማላውቀው በረዶ መጣ፣ በበረዶው ውስጥ ጺማም ሽማግሌ። ፋሲካ መጣ፣ ሰርግ መጣ፣ ልደት መጣ። በነሐሴ ጭቃ ላይ ቁጭ ብለን ፋሲካን ሁለቴ አከበርን። በመሃል ስልኩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይጠይቀኛል፤ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም ብዬ አጠፋዋለሁ። ካጠፋሁት በኋላ ደግሞ እምቢ ማለቴን አይተው ቢመጡብኝስ ብዬ እፈራለሁ።

«ማን ነው የሚመጣብሽ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«የኢንተርኔት ሰዎች።»

«የኢንተርኔት ሰዎች ቀራንዮን አያውቋትም። በዚህ ጭቃ ደግሞ ቢያውቋትም አይመጡም።»

በመጨረሻ «የልጆች፣ የእንቁጣጣሽ፣ አበባ የያዙ» ብዬ ስናገር መጣ። አራት የተሣሉ ሕፃናት፣ ቢጫ አበባ የያዙ፣ በአረንጓዴ ሜዳ ላይ። ከመዝሙሩ በፊት ትልልቅ ጉትቻ ያደረገች ሴትዮ ወጥታ ትንሽ ታወራለች፣ ከዚያ ዜማው ይገባል፦

ክረምቱ ሄደ ጓዙን ጠቅልሎ፣
ሜዳው ደመቀ አደይ አብቅሎ።

ልጄ ቀሚሴን ለቀቀች። እውነቴን ነው፣ ለቀቀችውና ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ሳትጠራ ወደ አንድ ነገር ስትጠጋ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ጓደኛዬም ከበሮውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ታክሲዎቹ አዞረች፤ እግሯ ግን ከታች ይመታል።

«እግርሽ እኮ ገደፈ» አልኳት።

«እግሬ አልቆረበም» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ቢጠፋብኝስ? መልሼ የማገኘው አልመሰለኝም። ጓደኛዬ ያላትን ሁሉ ነገረችኝ፣ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ወደፊት ማሳለፍ ይቻላል፣ ወደኋላ መመለስ ይቻላል። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያልቅ መሃሉን አንዴ መንካት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከዚያ ውጪ ለሦስት ሳምንት አልዘጋሁትም። ባለቤቴ ሲደውል እንኳ ቶሎ ቶሎ አናግሬ እዘጋበት ነበር። «ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ ከመንገድ። «አዎ፣ አራት ሕፃናት» አልኩት።

ማታ ቤት ከፈትኩላት። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ግን ግድግዳው ስስ ነው። ልጄ በሹክሹክታ እየተከተለች ሁለት ዙር ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፣ በነጠላቸው ተጠቅልለው።

«ምንድነው ጭፈራው? ሰርግ አለ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ የትምህርት ቤት ነው። መዝሙር እያጠናች...»

«ትምህርት ቤት ታዲያ ለዚህ አይደል የተሠራው? እኔ ግፊት አለብኝ።»

«አጥፊው ካሉኝ አጠፋለሁ።»

«እኔ አላልኩም። አንቺው ታውቂያለሽ።»

አጠፋሁት፣ ማለቴ ድምፁን። ስልኩንማ አልዘጋሁትም። ልጄ ብርድ ልብሷን ሳበች። ያን ጊዜ በራሴ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእትዬ አይደለም፤ ቤታቸው ነው። እኔ ግን ሳይሉኝ ነው ያጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ወደ ፌርማታው ወረደ። ከማጠናከሪያ ስትመለስ የቲማቲም ሣጥን ገልብጬ እሱ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ስልኩን እሰጣታለሁ። የእኛ ፌርማታ ደግሞ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። «ቤቴል! ቤቴል! አየር ጤና! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይባላል፤ ጥሩምባው አለ፣ ዝናቡ ላስቲካችን ላይ ይወርዳል፣ ጓደኛዬ ስብከቷን ከፍታለች። በዚያ መሃል በሹክሹክታ የሚዘምር ሰው ራሱንም አይሰማም። ልጄ መጀመሪያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። በሦስተኛው ቀን አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በሳምንቱ አንገቷ ላይ ደም ሥር አየሁ። ትጮኻለች! ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ በታክሲዎቹ ላይ ትጮኻለች።

«አፏ ተከፈተ እኮ!» አለች ጓደኛዬ።

«ምን ትላለች? ይሰማሻል?»

«ምን ትበል ምን፣ እኔ እንጃ። ግን ትላለች!»

እኔም ሽንኩርት እየመዘንኩ «ሜዳው» የምትለዋን ስሰማ፣ «አደይ» የምትለዋን ስሰማ፣ ልቤ ይሞቃል። ቤት ስንገባ ትዘጋለች፣ ፌርማታው ላይ ትከፈታለች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግን አንድም ቀን አልሰማኋትም። ገበያተኛ ይመጣል፣ ታክሲ ይጮኻል፣ ዝናብ ይጥላል። ስልኩንም ቢሆን ለምጄው ጆሮዬ ትቶታል። አንድ ነገር ሦስት ሳምንት ሲጮህባችሁ መስማት ታቆማላችሁ። ጥፋቴ ያ ነው።

የዝግጅቱ ቀን ደረሰ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ልጆቹ ቢጫ ወረቀት በአበባ ቅርጽ ቆርጠው ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። ጓደኛዬ ጎመኗን በላስቲክ ሸፍና አብራኝ መጥታለች፤ ጾሙ ተፈትቷል፣ እንደ ልቧ ማጨብጨብ ትችላለች። እኔ መውጫው አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ቢፈጠር ልጄን አንስቼ ለመሮጥ ነው። ምን ይፈጠራል ብትሉኝ አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፊት ለፊት ላስቲክ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት፣ በየደቂቃው ወገባቸውን ይዘው ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ዘመሩ። አንዱ አለቀሰ፣ አንዷ ግማሹን ረስታ እናቷ ከታች ጨረሰችላት። እኔ እንዲህ ያለ እርዳታ ልሰጣት እንደማልችል አሰብኩ።

ልጄ ተጠራች። ቲቸር ማይኩን ዝቅ አድርጋ ሰጠቻት። ልጄ ጫማዋን አየች። ግቢው ጸጥ አለ፤ ታክሲ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ምንም የለ። ጸጥታው ጠላቷ ነው፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በጸጥታ አሳደግኳት፣ በጩኸት ተለማመደች፣ አሁን መልሼ ጸጥታ ውስጥ ጣልኳት። «አልቻለችም» አልኩ ለጓደኛዬ። «ዝም በይ» አለችኝ።

ልጄ ቀና አለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከዚያ በዚያ በፌርማታው ድምፅ፣ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ፦

«እንደምን አላችሁ፣ ውድ የቻናላችን ቤተሰቦች! አዲስ የሆናችሁ ሰብስክራይብ፣ ላይክ፣ ሼር ማድረግ እንዳትረሱ! ደወሏንም ተጫኗት!»

ደወሏን ስትል በጣቷ ወደ ታች ጠቆመች፣ ልክ እንደዚያች ባለ ጉትቻ ሴትዮ። ሰው ሳቀ፣ ግን በደግ ነው የሳቀው፤ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መሰላቸው። እኔ ብቻ ነኝ ያፈርኩት። ስልኩን ትታ መዝሙሩን ብቻ ትይዛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ምኑ መዝሙር እንደሆነ፣ ምኑ እንዳልሆነ ማን ነገራት? እኔ ከመጀመሪያው ነው የሰጠኋት፣ ከመጀመሪያው ያዘችው።

ዘመረች ደግሞ። ክረምቱን ጓዙን አስጠቅልላ ሸኘችው፣ ሜዳውን አደመቀችው። ድምፅ ሲሏችሁ! ከየት አመጣችው? ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀችኝ። አበቃ፣ ተረፍን ስል፣ ልጄ በመሃል ቆም አለች፤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች፤ ድምፅዋን እንደ ትልቅ ሰው አወፈረች፦

«ወገብዎን ያምዎታል? ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ? እንግዲያውስ ፍራሽዎን ይቀይሩ!»

ድንኳኑ ፈነዳ። ሌላ ቃል የለኝም። አባቶች ጉልበታቸውን መቱ፣ እናቶች በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ርዕሰ መምህሩ ወገባቸውን እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ታጠፉ። ቲቸር ፊቷን በመዝገቧ ሸፈነች። ጓደኛዬ፣ ያች ከዳተኛ፣ ከሁሉ በላይ እሷ ነች የሳቀችው።

እኔ ልጄን አየሁ። አልገባትም። ሰዎቹን ታያለች፣ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኗ ወደ ጫማዋ ሊወርድ ነው። ከዚህ በኋላ እንደማትከፈት አወቅኩ። ስድስት ዓመት አፏን የዘጋሁት እኔ፣ በሦስት ሳምንት የከፈትኩት እኔ፣ አሁን ደግሞ ለዘላለም የዘጋሁት እኔ። ተነሳሁ። ላወጣት ነው። ጓደኛዬ ቀሚሴን ያዘች።

«ቁጭ በይ!»

«ልውሰዳት፣ ልቀቂኝ!»

«ቁጭ በይ አልኩሽ! ወዴት ነው የምትወስጃት?»

እየተጎታተትን ሳለ ማይኩ ጮኸ።

«ዝም በሉ!» አለች ልጄ። «ገና አልጨረስኩም!»

ግቢው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ ግማሽ ቆሜ፣ ግማሽ ተቀምጬ። ልጄ ርዕሰ መምህሩን ጭምር አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዲት ሴትዮ ጥግ ላይ ገና ትንሽ ትስቅ ነበር፤ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ የመዝሙሩን ግማሽ፣ ከፍራሹ ማስታወቂያ በኋላ ያለውን፣ ከቆመበት ቀጠለች። አንድም ቃል አልዘለለችም። ስትጨርስም የባለ ጉትቻዋን «ቸር ሰንብቱ» ብላ ማይኩን ለቲቸር መለሰችላት።

ያን «ዝም በሉ» ስልኩ ላይ ፈልጌዋለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በሙሉ ጆሮዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የለም። ሴትዮዋ አላለችውም፣ የተሣሉት ሕፃናት አላሉትም፣ የፍራሹም ሰውዬ አላለውም። የራሷ ነው።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ወላጆች ዳቦና ለስላሳ ይዘው ቆመው ያወራሉ። አንዳንዱ ልጄን ሲያይ «ወገቤን እኮ» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷ ግን አትስቅለትም፣ ዳቦዋን ትበላለች። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ መጡ።

«እርስዎ ነዎት እናቷ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ስልክ አላውቅም...»

«የቱ ፍራሽ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አሉኝ። ቀልድ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስፖንጁ ወፍራም ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ከዚያ ቲቸር መዝገቧን ይዛ መጣች። የአንደኛ ክፍሉን ነው፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው። ገልጣ ልጄ ፊት ተንበረከከች። እኔ አፌን ልከፍት ስል በእጇ አስቆመችኝ።

«ሙሉ ስምሽ ማነው?» አለቻት።

የሚያስቸግረው ይኸኛው መሰለኝ። መዝሙሩ የሰው ቃል ነበር፤ ይኸ ግን የሚጠናበት ስልክ የለውም። ልጄ ዳቦዋን ዋጠች። ቲቸርን አየች፣ ዓይኗን ነው ያየቻት፣ ጫማዋን አይደለም። ስሟን ተናገረች፣ ከነአባቷ። ቲቸር እየጻፈች ሳለ አያቷንም ጨመረችላት፣ ሳትጠየቅ። እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው።

ቲቸር ነጥቧን አደረገችና ልትነሳ ስትል ልጄ መዝገቡን በጣቷ ያዘችው።

«የአንቺስ?» አለቻት።

ቲቸር ቀጥ አለች። ዓመቱንም ክረምቱንም ሙሉ አስተምራታለች። «የእኔ ምን?»

«ስምሽ። ሙሉው።»

ቲቸር እንደ ተማሪ ቆማ ነገረቻት፣ ከአባቷ ጋር፣ ግን ቀስ ብላ።

«አልሰማሁም» አለች ልጄ።